በማን ሰዓት?

ሰኞ፣ 16:30

ሃያ አንድ ሜትር! አራት ሜትር ብቻ ቀረኝ። ከሃያ አንደኛው በኋላ ውኃ ጠጣሁ፣ አሳለኝ፣ የገንዳውን ጠርዝ ሙጭጭ አድርጌ ያዝኩ። ቢሆንም ሃያ አንድ ነው።

ልጄ ሊያ ቃል አስገብታኛለች። ሃያ አምስት ሜትር ሳልዋኝ ጀልባ ላይ አልወጣም። ለሥራ ልሄድባት ያሰብኳት ደሴት ከታንዛኒያ ጠረፍ የግማሽ ቀን የጀልባ መንገድ ናት፣ እኔ ደግሞ እስካለፈው ዓመት ድረስ ከባልዲ በላይ የሆነ ውኃ ውስጥ ገብቼ የማላውቅ ሴት ነኝ። አሁን በሃምሳ ሦስት ዓመቴ እዚሁ ስዊድን፣ ሁስቢ መዋኛ ውስጥ፣ ሕፃናቱ ሲወጡ እኔ እገባለሁ። ሕፃናቱ ያዝኑልኛል።

ሰው ሁሉ ለምን ይለኛል። እዚህ ሃያ ዓመት በአዋላጅነት ሠራሁ። እናትየዋ ትመጣለች፣ ትወልዳለች፣ አቅፋ ትሄዳለች። ያዋለድኩት ልጅ ቆሞ ሲሄድ አይቼ አላውቅም። ደሴቷ ላይ አንዲት የማዋለጃ ጣቢያ አለች፣ አዋላጇ ለቃ ባዶ ሆናለች። እዚያ ያዋለድኩት ልጅ በዓመቱ ደጄ ላይ ይሮጣል። ምክንያቴ ይኸው ነው፤ ሌላ የተደበቀ ነገር የለውም።

ግን ገና አልተቀበሉኝም። የመንደሩ ሴቶች ኮሚቴ ድምፄን መስማት ይፈልጋል። ሰባት ናቸው። ሰብሳቢዋ ቢ ሳልማ (ቢ ማለት እንደኛ «እትዬ» ነው) ዛሬ መልእክት ላኩልኝ። በስዋሂሊ! «አልሐሚሲ፣ ሳ ታቱ።» ማንንም ሳልጠይቅ ገባኝ። አልሐሚሲ ሐሙስ፣ ምን ይቸግራል፣ የእኛው ዘመድ ነው። ሳ ሰዓት፣ ታቱ ሦስት። ሐሙስ፣ ሦስት ሰዓት። ስልክ የሚይዘው ኮረብታው ላይ ብቻ ስለሆነ ሰባቱም ወጥተው ይጠብቁኛል፤ የምደውለው እኔ ነኝ።

እዚያ 15:00 ማለት እዚህ 14:00። ሦስት ጊዜ አሰላሁት። ስዋሂሊ የሚያስተምሩኝ ጋሽ በቀለ ይህን ቢያዩ ይኮሩብኛል።

ማክሰኞ፣ 17:45

የቀረኝ፦
የቢጫ ወባ ክትባት። ወስጃለሁ፣ ክንዴ አብጧል።
ቤቱን አንድራሃንድ (የተከራየሁትን ለሌላ ሰው) ማከራየት። አንዲት ተማሪ አይታው ወዳዋለች። የወጥ ቤቱን ትልቅ ሰዓት ጭምር።
የአንድ ዓመት ፈቃድ ከሥራ። አለቃዬ ሰኞ ከምሳ በፊት ቁርጡን ንገሪኝ ብላለች። ከዚያ ካለፈ በእኔ ቦታ የምትተካው ሴት ሌላ ሥራ ትይዛለች፣ የእኔም ነገር ያበቃል።
አራት ሜትር።
ሊያ።

ሊያ ዛሬ መጥታ ነበር። ሻንጣዬን ከፍታ አየች፣ ዘጋችው። ሁሌም እንደምታደርገው እኔ በአማርኛ፣ እሷ በስዊድንኛ። «እኔ የሃያ ሁለት ዓመት ልጅ ነኝ፣ እናቶች አይደሉም ከቤት የሚወጡት» አለችኝ። ሳቅኩ። እሷ አልሳቀችም። ከዚያ ለሐሙስ ስልኬ ላይ ሦስት ማንቂያ ስሞላ አይታ ራሷን ነቀነቀች።

ትነቅንቅ። እኔ ከሰዓት ጋር የቆየ ቂም አለኝ። ስዊድን በገባሁ በሁለተኛው ሳምንት የቋንቋ ትምህርት ቤት ሁለት ሰዓት ላይ ነይ ተባልኩ። ሁለት ሰዓት ለእኔ ጠዋት ነው። ጠዋት ሄድኩ። በሩ ዝግ። ወደ ቤት የሚመልሰኝን አውቶቡስ ስላላወቅኩ ከቀኑ 14:00 እስኪሆን በረዶ ላይ ቆምኩ። ስድስት ሰዓት ሙሉ! የቀጠሩኝ ሴትዮ ገና ጠዋት መምጣቴን ሲሰሙ አዘኑልኝ፣ ማዘናቸው ከብርዱ ባሰብኝ። የዚያን ዕለት አዋጅ አወጣሁ፣ በእኔ ቤት በፈረንጅ ሰዓት ብቻ። ሊያንም እንዲሁ አሳደግኳት። ከዚያ ወዲህ አንድም ቀጠሮ አልፎኝ አያውቅም።

ሐሙስ፣ 16:50

አልተነሣም።

14:00 ላይ ደወልኩ። አንዲት የተቀዳች ሴት በስዋሂሊ የሆነ ነገር ትላለች፣ መጨረሻው «ሃይፓቲካኒ» ነው። መዝገበ ቃላት ገለጥኩ። አይገኝም። 14:05፣ አይገኝም። 14:10፣ 14:20፣ 14:40። እስከ 16:00 ደወልኩ። ከሥራ ፈቃድ ወስጄ፣ ፀጉሬን ተሠርቼ፣ (ለስልክ ፀጉር ምን ያደርጋል?) የወጥ ቤት ወንበር ላይ ሁለት ሰዓት ቁጭ አልኩ። አጭር መልእክት ላክኩ። እሱም አልደረሰም።

ምናልባት ኔትወርክ ነው። ምናልባት ዝናብ ነው።

ዓርብ፣ 12:10 የምሳ እረፍት

መልስ የለም። ዛሬም ሃይፓቲካኒ።

ነገሩ ገብቶኛል። ሐሳባቸውን ለውጠዋል። የሃምሳ ሦስት ዓመት ሴት፣ ዋና የማትችል፣ ስዋሂሊዋ ገና የልጅ አፍ። እነሱ ምን በወጣቸው! እኔም ብሆን አልቀጥረኝም። እምቢ ማለት ከብዷቸው ዝም አሉ፣ በቃ። የእኛም አገር ሰው እንዲህ አይደል እንዴ የሚያደርገው?

ጠዋት ለሊያ ደውዬ ነገርኳት። ደስ ይላታል ብዬ ነበር። እሷ ግን «እንዴ፣ ማማ፣ ዋናውስ?» አለች። ዋናው ምን ይሠራልኛል ልላት ብዬ ተውኩትና ስልኩን ዘጋሁት። መጸዳጃ ቤት ገብቼ አለቀስኩ። ወጥቼ መንታ አዋለድኩ። ሁለት ሴቶች፣ ጤነኞች። እነሱንም ዳግመኛ አላያቸውም።

ሰኞ ጠዋት ለአለቃዬ ቀርቷል እላታለሁ።

ቅዳሜ፣ 18:00

ይህን ደብተር የሚያነብ ሰው ቢኖር እንዳይስቅ። እሺ፣ ይሳቅ።

ለስንብት ሶደርማልም ሰፈር ጋሽ በቀለ ቤት ሄድኩ። የስዋሂሊ መጽሐፋቸውን ልመልስ። ጋሽ በቀለ ሰባ ስምንት ዓመታቸው ነው፣ የአፈር ምሁር ናቸው፣ ጡረታ ሳይወጡ በፊት እዚያው የታንዛኒያ ጠረፍ ላይ አራት ዓመት ሠርተዋል። መጽሐፉን ጠረጴዛው ላይ ሳስቀምጥ አዩኝ።

«ምነው ስንዱ? መጽሐፉን ጨረስሽው ወይስ እሱ ጨረሰሽ?»

ነገርኳቸው። ኮረብታውን፣ ቀጠሮውን፣ ሃይፓቲካኒን።

«ምን ብለው ነበር የጻፉልሽ? ቃሉን ንገሪኝ።»

«አልሐሚሲ፣ ሳ ታቱ። እኔም ልክ በሰዓቱ ደወልኩ፣ ጋሼ፣ አንድ ደቂቃ አላሳለፍኩም። እዚያ አሥራ አምስት ሰዓት፣ እዚህ አሥራ አራት።»

መነጽራቸውን አወለቁ።

«አሥራ አምስት ሰዓት» አሉ። «አሥራ አምስት! ስንዱ፣ አንቺ ሐበሻ ነሽ?»

«እንዴ፣ ምን ማለትዎ ነው?»

«ሳ ታቱ በማን ሰዓት?»

አሁንም አልገባኝም። እግዜር ይይልኝ፣ አልገባኝም።

«ልጄ፣ እነዚያ ሰዎች ፀሐይ ስትወጣ ነው አንድ ብለው የሚጀምሩት። ሳ ታቱ ሦስት ሰዓት ነው። የእናትሽ ሦስት ሰዓት። ጠዋት!»

ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። ጠዋት። እዚያ ጠዋት ሦስት ሰዓት፣ እዚህ 08:00። ሐሙስ 08:00 ላይ እኔ ቀጠሮዬ ገና ነው ብዬ ፀጉሬን እየታጠብኩ ነበር።

«ታዲያ ለምን አላስተማሩኝም?» አልኳቸው። ተቆጣሁ፣ በጋሽ በቀለ ላይ። አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል።

«ቁጥር አስተምሬሻለሁ፣ ቀን አስተምሬሻለሁ። ሰዓት ምኑን አስተምርሻለሁ? የራስሽን? ትስቂብኛለሽ ብዬ ነው የዘለልኩት» አሉ። ከዚያ እሳቸው ሳቁ፣ እኔም ሳቅኩ፣ እየሳቅኩ ግን ሰባት ሴቶች ኮረብታ ላይ ፀሐይ ላይ ቆመው ስልክ ሲያዩ ታየኝ። እኔ በረዶ ላይ እንደቆምኩት። ያንኑ ነገር በራሴ እጅ ሰባት ሰው ላይ አደረግኩት።

ይቅርታዬን እዚያው በድምፅ ቀዳሁ። ጋሽ በቀለ እያረሙኝ አምስት ጊዜ ደገምኩት። አምስተኛውን ላክነው። ኮረብታው ላይ የሚወጣ ሰው ሲገኝ ይደርሳል። መጽሐፉን ይዤው ተመለስኩ።

እሑድ፣ 15:20

ከቤተ ክርስቲያን ስወጣ መልስ አገኘሁ! የድምፅ መልእክት፣ አንድ ደቂቃ ከሃያ ሰከንድ። ግማሹ ሳቅ ነው።

ቢ ሳልማ በቀስታ ነው የሚያወሩት፣ ለልጅ እንደሚያወሩት፣ የቸገራቸውን በእንግሊዝኛ እየደገፉ። እስከ አራት ሰዓት ተኩል ጠብቀውኛል። ከዚያ ወርደዋል፣ አንዷ ልጅ የምታጠባ ነበረች። የቀድሞዋ አዋላጅ ፈረንጅ ስለነበረች ሰዓትን ለእሷ ሁልጊዜ ሁለት ጊዜ ይናገሩ ነበር፣ በእኛ ይህን ያህል፣ በናንተ ይህን ያህል እያሉ። ቢ ሳልማ ግን ማሠልጠኛ ሳሉ አንዲት ኢትዮጵያዊት ጓደኛ ነበረቻቸው። «እሷ ሰዓታችንን ስትሰማ ከአልጋዋ ዘላ ተነሥታ አቀፈችኝ። ስለዚህ ሴቶቹን፣ ለዚችኛዋ አንድ ጊዜ ብቻ ንገሯት፣ የቤት ልጅ ናት አልኳቸው። የቤት ልጅ ቀረች!»

የቤት ልጅ ቀረች። ይህችን አራት ጊዜ አዳመጥኳት። ሳቃቸው ውስጥ ትንሽ ቅሬታም አለ፣ መኖርም አለበት።

ነገ፣ ሳ ታቱ። ጠዋት። ኮሚቴው ከእንግዲህ አንድ ጊዜ ብቻ ይወጣል ብለዋል። ከምሳ በፊት ደግሞ አለቃዬ።

ዋና ሄድኩ። ሊያ ጠርዙ ላይ ቁጭ ብላ እግሯን ውኃ ውስጥ ነክራ ስትቆጥር ነበር። ሃያ አራት ላይ ክንዴ እምቢ አለኝ። ሊያ ጮኸች፣ በስዊድንኛ፣ ሰዉ ሁሉ ዞረ። የቀረውን በምን እንደሄድኩት አላውቅም። ነካሁት። ግድግዳውን ነካሁት! ፎጣ ስታለብሰኝ ከእኔ ይልቅ እሷ ነበረች በእንባ የረጠበችው። ዛሬ እዚህ ታድራለች።

ሰኞ፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት

ደወልኩ። በመጀመሪያው ጥሪ ተነሣ።

መጀመሪያ ነፋስ ሰማሁ፣ ከዚያ ዶሮ፣ ከዚያ ሰባት ሴቶች በአንድ ጊዜ። የተለማመድኩትን ሰላምታ አቀረብኩ፣ ግማሹን ረሳሁት። ስለ ዲፕሎማዬ የጠየቀኝ የለም። ልጅ አለሽ ወይ? አንድ፣ ትልቅ። ባል? ድሮ። ሳቁ። ዓሣ ትበያለሽ? እለምዳለሁ። ባሕር ትፈሪያለሽ? አዎ፣ ግን ትናንት ሃያ አምስት ሜትር ዋኘሁ። ይህን ቢ ሳልማ ሲተረጉሙ አንዷ እንኳ አልሳቀችም፤ ደስ አለኝ።

መጨረሻ ላይ አንዲት ትልቅ ሴት ስልኩን ተቀበሉ። ድምፃቸው የደከመ ነው። ከፈረንጇ አዋላጅ በፊት የመንደሩን ልጆች የተቀበሉት እሳቸው ናቸው። አንድ ጥያቄ ብቻ አለኝ አሉ። ልጅ በሳ ኩሚ ተወለደ ቢሉሽ ካርዱ ላይ ምን ትጽፊያለሽ?

ኩሚ አሥር ነው። አፌ ሊቸኩል ነበር፣ ያዝኩት።

«አሥር ሰዓት ብዬ» አልኩ። «ግን መጀመሪያ እናቲቱን እጠይቃለሁ፣ የሌሊቱ ነው ወይስ የቀኑ ብዬ።»

ቢ ሳልማ ተረጎሙ። ከዚያ እልልታ! ሰባቱም፣ ነፋሱንም ዶሮውንም ውጦ። እልልታው ልክ እንደኛው ነው፣ ይህንንም የነገረኝ ሰው አልነበረም። ትልቋ ሴት በመሐል የተናገሩትን ቢ ሳልማ አስተላለፉልኝ። የፈረንጇ ካርዶች ላይ ማታ የተወለዱት ልጆች ግማሾቹ ቀን ተጽፈዋል፣ ስትመጪ ቁጭ ብለሽ ታስተካክያለሽ ብለውኛል። ስትመጪ አሉ። ብትመጪ አላሉም።

ስልኩን ስዘጋ ሊያ ወጥ ቤቱ በር ላይ ቆማለች፣ ሁሉንም ሰምታለች። እልልታውንም። ማቀፏን ጠብቄ ነበር። እሷ ወንበር ጎትታ ወጣችና ትልቁን ሰዓት ከግድግዳው አወረደችው፣ 08:45 ይላል።

«በእነሱ ስንት ልሙላው?» አለች፣ በስዊድንኛ።

«አምስት ሰዓት ወደ ኋላ መልሺው» አልኳት።

ከኋላው ያለውን ቁልፍ አዞረች፣ ቀስ ብላ። መልሳ ሰቀለችው። ወርዳ ከእኔ ጎን ቆመችና አየችው፣ ከንፈሯ እየተንቀሳቀሰ ቆጠረች። ከዚያ በአማርኛ፣ ማንም ሳያርማት፣ «ለአራት፣ ሩብ ጉዳይ» አለች።

በዚህች ቤት ሃያ ሁለት ዓመት የከለከልኳትን ነው። ይቅርታ ልላት ፈልጌ ነበር፣ ማልቀሱ ቀደመኝ።

አሁን ለአለቃዬ ልደውል ነው፣ ምሳ ገና ነው። ሊያን ትቼ እንዴት እንደምሄድ አሁንም አላውቅም፤ ለገና እመጣለሁ ብላለች፣ ጀልባውን ግን እሷም ትፈራዋለች። ለተከራይዋ ተማሪ ሰዓቱ ሥር ወረቀት ለጥፋለች፣ በስዊድንኛ፦ ሰዓቱ ትክክል ነው፣ እንዳትነኪው።