የአስካለ ፀጉርና የሐምሌ ዝናብ

ሰኞ፣ ሐምሌ 21

የአንድ ዶሮ ዋጋ! ለፀጉር! የልጅ ልጄ ሊዲያ ከምትሠራበት መድኃኒት ቤት መጥታ ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ ነው የነገረችን። "ቅዳሜ እማማን ቦሳ ኪቶ ሰፈር ፀጉር ቤት እወስዳታለሁ" አለች። ስንት ነው አልኩ። ነገረችኝ። ጆሮዬ ደህና መሆኑን ለማረጋገጥ ደግሜ ጠየቅሁ። ደህና ነው።

ሠላሳ ዓመት የቡና ደረጃ ስመድብ የኖርኩ ሰው ነኝ። ለማይረባ ነገር ትልቅ ዋጋ ሲጠራ ከሩቅ ይሸተኛል። "በዚህ ብር እኮ ዶሮ ይገዛል፤ የዶሮዋን ላባ ደግሞ በነፃ ነው የምንነጨው" አልኩ። ሊዲያ ሳቀች። እዚህ ላይ ባቆም ምን ነበረበት! አላቆምኩም። ወደ ባለቤቴ ወደ አስካለ ዞሬ፣ "ደሞ ከሻሽ ሥር ያለ ፀጉር ማን ሊያየው ነው?" አልኳት።

አስካለ አልተቆጣችም። ሻሿን ጠበቅ አደረገችና ምስሯን መልቀም ቀጠለች።

እራት ላይ ግን፣ "አቶ ተፈራ፣ ጨው ልጨምር?" አለችኝ። አቶ! ከተጋባን ሃምሳ ዓመት ልንደፍን ትንሽ ነው የቀረን፣ በዚህ ሁሉ ዘመን አቶ ያለችኝ ሁለት ጊዜ ብቻ ነው። ሁለቱም ጊዜ ጥፋቱ የኔ ነበር።

ማክሰኞ፣ ሐምሌ 22

ዛሬም አቶ ነኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አዴ ዘይቱና አጥር የምትጋራን ጎረቤታችን ነበረች። ጅማ አወቱ መንደራ ሰፈር ከገባን ጀምሮ ቅዳሜ ቅዳሜ የአስካለን ፀጉር የምትሠራው እሷ ናት። በረንዳው ላይ አስካለን ጉልበቶቿ መሀል ታስቀምጥና ይጀመራል። ወሬው ግማሹ በአማርኛ፣ ግማሹ በኦሮምኛ፣ ሁሉም ስለ እኔ። ከፋሲካ በኋላ ልጇ አጋሮ ወስዶ አጠገቡ አኖራት። ከዚያ ወዲህ የአስካለን ፀጉር የነካ ሰው የለም። ቤት ውስጥ እንኳ ሻሽ አታወልቅም። ይህን ያስተዋልኩት ዛሬ ስጽፈው ነው።

እሑድ ዘይቱና የልጅ ልጇን ትድራለች። "ቅዳሜ መጥታችሁ እደሩ" ብላ ልካለች። አስካለ ድግሱን ስትጠብቅ ከርማ፣ ዛሬ ጠዋት "አጋሮ አልሄድም፣ ጉልበቴን አሞኛል" አለች። ትናንት ገበያ ደርሶ የመጣ ጉልበት!

ሊዲያ ጓዳ በር ላይ ያዘችኝ። "አባባ፣ ምን ነካዎት? ሠላሳ ዓመት ፀጉሯን የሠራችላት ሰው ፊት እንደዚህ ሆና የምትቆም ይመስልዎታል?"

"ቀልድ ነበር" አልኩ።

"እንግዲያው ብቻዎን ይሳቁ!"

ላደርግ የምችለው፦
ይቅርታ መጠየቅ። (አጀማመሩን ረስቼዋለሁ።)
ዶሮ መግዛት። (አይሆንም፤ ይብሳል።)
ራሴ መሥራት። (ጣቶቼ ፍሬ ቡና ለመለየት እንጂ ለጉንጉን አልተፈጠሩም።)
ፀጉር ቤቱን ሄዶ መመርመር።

የመጨረሻው ይሻላል። እሱን አውቅበታለሁ።

ረቡዕ፣ ሐምሌ 23

ሄድኩ። ለአስካለ "መነጽሬን ላሳይ" ብያት ነው የወጣሁት። "መልካም፣ አቶ ተፈራ" አለችኝ። መነጽሬ ጠረጴዛው ላይ ነበር።

ሦስት ሴቶች ራሳቸውን የፀጉር ማድረቂያ ካስክ ውስጥ ከተው እንደ ሞተር ነጂ ተደርድረዋል። ስገባ ወሬው ቀጥ አለ።

"አባባ፣ የወንዶቹ ማዶ ነው" አለች የምትሠራው ልጅ። ትዕግስት ትባላለች፤ ከሆሳዕና ለትምህርት መጥታ እዚሁ የቀረች ናት።

"ለምርመራ ነው የመጣሁት" አልኩ ኮስተር ብዬ።

ማበጠሪያው ከእጇ ወደቀ። "ከግብር ነው?"

"ከባለቤቴ ነው።"

ካስኮቹ በሳቅ ተንቀጠቀጡ። ልጅቷም ነፍስ ስትዘራ፣ "እንዲህ የምታስከፍሉት ለምንድነው?" ብዬ ጠየቅሁ። ውኃ ሲጠፋ በጀሪካን እንደሚገዙ፣ መብራት ሲሄድ ሥራ ፈተው እንደሚውሉ ልትነግረኝ ጀመረችና ተወችው። "ይቀመጡ እስቲ" አለች። ቆቤን አነሳች። አንገቴን ወደ ኋላ መታጠቢያው ሳህን ላይ አስደገፈችኝ።

ሞቅ ያለ ውኃ። ከዚያ ጣቶች።

"አባባ፣ እዚህ ጋ ጠባሳ አለ።"

"ከበቅሎ ወድቄ ነው። በልጅነቴ።"

"ያምዎት ነበር?"

ለማላውቃት ልጅ የበቅሎዋን ታሪክ ከነስሟ አወራሁላት። ራሴን ቆብ እንጂ ሰው ከነካው ስንት ዘመኑ ነው? እናቴ ትነካው ነበር። ከእሷ ወዲህ ማን እንደሆነ አላስታውስም። ዓይኔ እንባ አቀረረ። "ሳሙና ገባብኝ" አልኳት። ሳሙናውን ገና አልጨመረችም ነበር።

አስካለን አሰብኩ። ከፋሲካ ወዲህ ያሉትን ቅዳሜዎች በሙሉ።

ስነሳ፣ "ለባለቤቴ ቅዳሜ ጠዋት ያዢልኝ" አልኩ። ምን ዓይነት ፀጉር እንደምትሠራ ጠየቀችኝ። ዋጋው ግድግዳው ላይ ተለጥፏል፤ ርካሹ ሹሩባ ከታች፣ ውዱ ፔስትራ ከላይ። ፔስትራ ማለት ፀጉሩን በጋለ ብረት ቀጥ አድርጎ መልቀቅ ነው አሉኝ። ሰኞ ያልኩትን ነገር በርካሽ ልካስ? "ደረጃ አንዱን" አልኩ።

"አባባ፣ ክረምት እኮ ነው። ዝናብ ጠብ ካለበት ያልቅለታል። ሹሩባ ይሻላቸዋል፣ ዋጋውም ቀለል ይላል።"

"ደረጃ አንዱን አልኩሽ።"

"እልኸኛ!" አለች አንዷ ከካስኩ ሥር።

ሐሙስ፣ ሐምሌ 24

ጠዋት፣ "ቅዳሜ ሁለት ሰዓት ፀጉር ቤት ቀጠሮ አለሽ" አልኳት።

"ጉልበቴ..."

"ጉልበትሽን አይደለም የሚሠሩት።"

ቀልዱ አልያዘም። ቆቤን አውልቄ ጎንበስ አልኩላት። "አሽትቺ" አልኳት።

አሸተተች። "ይሄ ምንድነው? የሴት ሽታ ነው።"

"ትዕግስት ትባላለች።"

በያዘችው ወንፊት መታችኝ። እየሳቀች ነበር። ከሰኞ ጀምሮ የመጀመሪያው ነው፤ ወንፊቱ ተሰንጥቋል፣ ይሰንጠቅ። ያኔ ሳላስበው ወጣልኝ። "ሰኞ የተናገርኩት ነገር ደግ አልነበረም" አልኩ።

"የዶሮው?"

"የሻሹ።"

ወንፊቱን አስቀመጠችና፣ "ማን ሊያየው ነው አልክ። አንተስ? አንተ ዓይን የለህም?" አለችኝ።

ሊዲያ በሩ ላይ ቆማ ሰምታለች፤ ዕድሜዬን ሙሉ ስታወራው ትኖራለች። ግን አንተ ተባልኩ። ከአቶነት ተሻርኩ።

አጋሮ እንሄዳለን።

ቅዳሜ፣ ሐምሌ 26፣ አጋሮ

የሠራሁትን ሥራ ልጻፍ።

ትዕግስት ሁለት ሰዓት ሙሉ ለፋችባት። ስትጨርስ የአስካለ ፀጉር ትከሻዋ ላይ ወረደ። ሽበቱ እንደ ሐር። መስታወቱን ብዙ አየችው። ከዚያ በጆሮዬ፣ "ሹሩባ መስሎኝ ነበር" አለች።

"ደረጃ አንዱ ነው። እኔ ነኝ የመረጥኩት።"

አየችኝ። አሁንም መስታወቱን። "ያምራል" አለች።

ሚኒባሱ ውስጥ ፀጉሯ እንዳይበላሽባት ወንበሩን ሳትደገፍ፣ እንደ ሻማ ቀጥ ብላ አጋሮ ደረሰች። ጃንጥላ አልያዝንም። "ዛሬ አይዘንብም" ያልኩት እኔ ነኝ። የቡና ሰው ሰማይ ያውቃላ!

መናኸሪያው ላይ አንድ እግራችንን ስናወርድ ጀመረው። ዝናብ አይባልም፤ ሰማዩ ራሱ ነው የወረደው። ኮቴን አውልቄ ራሷ ላይ ያዝኩላት። ሮጥን ብል ውሸት ነው፤ በሁለታችን ዕድሜ የሚቻለውን አደረግን። ዘይቱና በር ላይ ስንደርስ ኮቴ ወንፊት ሆኗል። ፀጉሯ ወደ ላይም ወደ ጎንም ተነስቷል። አልቅሳ ይሆን ብዬ ፊቷን አየሁ፤ በዝናቡ አይለይም።

ዘይቱና ከፈተች። ከላይ እስከ ታች አየቻት።

"ያ አላህ! አስካለ! ማነው እንዲህ ያደረገሽ?"

አስካለ ጣቷን ወደ እኔ ቀሰረች።

"ኦቦ ተፈራ!" አለችኝ። በኦሮምኛም አቶ ሆንኩ።

ሁለቱም የበሩን መቃን ይዘው ሳቁ። መቆም እስኪያቅታቸው። እኔ ዝናቡ ውስጥ ነኝ፣ አስገቡኝ የሚል የለም። ከዚያ ዘይቱና "ኮቱ፣ ኮቱ፣ ነይ ነይ" እያለች እጇን ይዛ ሴቶቹ ወዳሉበት ክፍል ሳበቻት። ሙሽራዋና ጓደኞቿ ሂናቸው እስኪደርቅ እጃቸውን ዘርግተው ተቀምጠዋል። መሀላቸው ትንሽ በርጩማ። ከኋላው የዘይቱና ጉልበቶች። ማበጠሪያ።

እኔን ወደ ወንዶቹ አባረሩኝ። ይህን የምጽፈው መስኮቱ ሥር ተቀምጬ ነው። ግማሹ በአማርኛ፣ ግማሹ በኦሮምኛ፣ ሁሉም ስለ እኔ።

እሑድ፣ ሐምሌ 27

ሠርጉ ደመቀ። ለእኛ ለክርስቲያኖቹ ለብቻ አርደው አብልተውናል። አስካለ ጭፈራው መሀል ነበረች። የጉልበቷን ነገር አላነሳሁም።

ትዕግስት ብታገኘኝ መጠየቋ አይቀርም። ምን ልበላት? ደረጃ አንዱ ከአራት ሰዓት እስከ ስድስት ሰዓት ቆየ። እንደ ቡና ቢሆን ጭነቱን አልቀበልም ነበር። ግን ያ ፀጉር ባይሠራ አስካለ ከቤት አትወጣም ነበር፤ እንዲህ ያለውን በየትኛው ደረጃ እንደሚመድቡት አላውቅም። ዋጋው ይገባታል እላታለሁ። ሹሩባውንም ልስማሽ ነበረብኝ እላታለሁ፤ ይሄኛውን ቀስ ብዬ።

ስንመለስ ሚኒባሱ ውስጥ አስካለ ራሷን ትከሻዬ ላይ ጣለች። ሹሩባ መደገፍ አይፈራም።

"ሲፈታስ?" አልኳት።

"አንዴ ትዕግስት ጋ። አንዴ አጋሮ።"

"ማን ያመላልስሻል?"

"አንተ ነሃ። ጃንጥላ ይዘህ።"

የተኛች መስሎኝ ነበር። ዓይኗን ሳትገልጥ፣ "ዘይቱና ከኋላ አዲስ ዓይነት ነው የሠራችኝ። አየኸው?" አለች።

አላየሁትም ነበር። መነጽሬን ከኪሴ አወጣሁ። ጅማ እስክንገባ አየሁት። ከግራ በኩል ሦስተኛዋ ጉንጉን ትንሽ ጠማማ ናት። ለማንም አልናገርም።