ተናጋሪው ሳይጨርስ

ለእህቴ፣

ጤናሽን ሳልጠይቅ ብዙ ዘመን አለፈ፤ ዛሬ እጠይቃለሁ። ጉልበትሽ እንዴት ነው? የኦሃዮ ብርድስ? እኔ አለሁ። የከሰሉ አቧራ ደረቴ ውስጥ ተቀምጦ ዳገት ስወጣ ያፏጫል፤ እጄ ግን እንደ ድሮው ነው። ይህን የምልሽ ለጉራ አይደለም። ባለፈው ዓርብ በዚህ እጅ የአንድ ተማሪ ጉሮሮ አንቄያለሁና ነው።

የልጅ ልጄ ዴልፊ፣ አባቷ ማዕድኑ ውስጥ ከቀረ ወዲህ ከእኔ ጋር ናት። አሥራ አንደኛ ክፍል ደርሳ የአሜሪካ ታሪክ ትማራለች። ትምህርት ሲከፈት አስተማሪዋ ሚስስ ፕሬውት የክፍሉን ደንብ አሳዳጊ አንብቦ እንዲፈርም ላከችልኝ። የሚነበበው ምዕራፍ፣ ፈተናው፣ ለዘገየ ሥራ የሚቀነሰው ነጥብ፣ ሁሉም አለበት። ከታች ደግሞ ተናጋሪ ሳይጨርስ በዚህ ክፍል ማንም አይናገርም፤ ደግሞም የአንድ ሰው ቃል ብቻውን ታሪክ አይባልምና ሌላ ምስክር ይፈለግ ይላል።

"ይህቺ ሴት ትምህርት ቤት ነው ፍርድ ቤት የከፈተችው?" አልኋት ዴልፊን።

"አያቴ፣ ዝም ብለህ ፈርም። ውል እኮ አይደለም" አለችኝ።

"ስሜን የማኖርበት ነገር ሁሉ ውል ነው" ብዬ ደግሜ አንብቤ ፈረምሁ። ፊደል ያለ አስተማሪ፣ በማዕድን ቆቤ መብራት እንደለየሁ ታውቂያለሽ። ያነበብሁትን አልረሳም።

የዓመቱ ትልቁ ሥራ ተማሪው ከቀድሞ ዘመን የቀረ ዕቃ ይዞ ታሪኩን በክፍሉ ፊት እንዲናገር ነው። ያንን ያልሠራ አያልፍም። አሳዳጊዎችም ተጠርተን ስለነበር ሸሚዜን አጥቤ ሄድሁ። ዴልፊ የአባቷን የማዕድን መብራት አሳይታ ሳታለቅስ ተናገረች። ቀጥሎ አንድ ረጅም ልጅ ተነሣ፤ ሮይስ ታኬት። ያ ስም ሲጠራ ምን እንደምሆን አንቺ ታውቂያለሽ። ከካልሲ ውስጥ የኪስ ሰዓት አወጣ። ክዳኑ በአንድ ጎኑ የጎደጎደ ነው፤ በቅሎ የረገጠችው። የአባታችን ሰዓት ነው።

ያ ማለዳ እንዳለ ተመለሰብኝ። አባታችን ከቆፋሪዎቹ ጋር ሥራ ስላቆመ የከሰሉ ኩባንያ ከቤታችን አስወጥቶን፣ ወንዙ ዳር ድንኳን ውስጥ ነበርን። የኩባንያው ጠባቂዎች ገና ሳይነጋ መትረየስ ይዘው መጡ። አባታችን ሱሪውን እየታጠቀ ወጣ፤ ወዲያው መንጋጋው አልነበረም። እኔ አባታችን ከድንኳኑ ወለል ጣውላ ሥር በቆፈረው ጉድጓድ ውስጥ ነበርሁ። በስንጥቁ አየሁሽ። በባዶ እግርሽ ጭቃው ላይ ቆመሽ፣ እጅሽን ከጠባቂዎቹ በአንዱ፣ በሆበርት ታኬት እጅ ውስጥ አኖርሽ። ከዚያ እሱ ወደ ወለሉ ዞሮ ተኮሰ። አፈር አፌን ሞላው፤ ስንጣሪ ጆሮዬን ቀደደው። ዕድሜዬን ሁሉ ሰክሮ ሳተኝ ስል ኖርሁ። እጅሽን ለገዳዩ ሰጠሽ ያልሁትን ደግሞ በእናታችን ቀብር ላይ ሰው ሁሉ ሰምቷል፤ አንቺም አፈሩ ሳይደርቅ አውቶቡስ ተሳፈርሽ።

ልጁ "ይህ የአያቴ የሆበርት ነው፤ ድንኳኑ የተመታ ዕለት ነው ያገኘው" ሲል ወንበሮቹን እንዴት እንዳለፍሁ አላውቅም። ጉሮሮውን ይዤ ከጥቁር ሰሌዳው ጋር አላተምሁት። የአፍንጫው ደም በሰዓቱ ላይ ተንጠባጠበ። "የሌባ ዘር! ሬሳ ገፋፊ!" እላለሁ። እሱ "ልቀቀኝ፣ አንተ እብድ ሽማግሌ!" ይላል። ከኋላ አንዱ ባለጌ "ሮይስ፣ ጡረተኛ ገደለህ እኮ!" ብሎ ሳቀ። ሌላው እጄ ኪሴ ውስጥ ካራዬን ይዟል። ዴልፊ አየችው። የእጄ አንጓ ላይ ጥርሷን ተከለች፤ እስከ አጥንቴ ተሰማኝ። ያም አላቆመኝም።

ሚስስ ፕሬውት ደረቴ ላይ የምትደርስ ሴት ናት። አልጮኸችም። "ፈርመዋል፤ ልጁ ገና አልጨረሰም" አለችኝ።

ለቀቅሁት። ካራውን ጠረጴዛዋ ላይ አስቀምጬ ቁጭ አልሁ።

ልጁ አፍንጫውን በእጅጌው ይዞ ቀጠለ። አያቱ አምና ሊሞት ሲል ነግሮታል። ከድንኳኑ አንዲት ልጅ ወጣች፤ አባቷ እግሯ ሥር ወድቋል። ሰዓቱን ከአባቷ ኪስ አውጥታ ለሆበርት በእጁ አስጨበጠችው። "ከወለሉ ሥር ያለው ሕፃን ነው። ይህን ውሰድና አንተም እንዳላየኸው ሁን" አለችው። አለቃው ከኋላ "ምን ትጠብቃለህ? ወለሉንም በለው!" ይጮኻል። ሆበርት ታኬት ወለሉ ዳር መሬቱን እየደበደበ ተኮሰና "እዚህ የተረፈ የለም" ብሎ ሄደ። ሰዓቱን አንድም ቀን ኪሱ አልከተተውም፤ ካልሲ ውስጥ ነው የኖረው።

ልጅቷ ማን እንደሆነች ሮይስ አያውቅም። እኔም አልነገርሁትም።

ሚስስ ፕሬውት "ሁለተኛ ምስክርህስ?" አለችው። "ሁሉም ሞተዋል" አለ። ዴልፊ ዞራ አየችኝ። "ሁሉም አልሞቱም" አልሁ።

ሆበርት ታኬትን ይቅር አለው እንዳትዪ። ድንኳኖቹ ላይ ተኩሷል፤ አባታችንም እዚያው ቀርቷል። ሮይስ አፍንጫው እንደተጣመመ እሑድ ደጄ መጥቶ "እንካ፣ የናንተ ነው" ብሎ ሰዓቱን ዘረጋልኝ። አልተቀበልሁትም። "ተከፍሎበታል፤ የተከፈለ አይመለስም" አልሁት። ያልገባው መሰለኝ።

ሁለቱም ልጆች፣ ዴልፊና ሮይስ፣ በመጪው ቅዳሜ አውቶቡስ ይመጡብሻል፤ አንቺን ሳይሰማ የሮይስ ሥራ አይታረምለትም። የሆነውን ሁሉ ንገሪያቸው፤ ደሙንም አትቀንሺላቸው። እኔም አብሬ እመጣለሁ። ወንበር ካልሰጠሽኝ በረንዳሽ ላይ እቆማለሁ። እስክትጨርሺ ድረስ ቃል አይወጣኝም፤ ፈርሜያለሁ።

ጉልበትሽን ይጠግንልሽ፤ ቤትሽን ከእሳትና ከጥይት ይሰውርልሽ፤ እስክንደርስ ያቆይሽ።

በልጅነቱ እታለም ይልሽ የነበረው
ታናሽ ወንድምሽ