ቅቤ የጠጣው ካርቡራቶር

ወንድሜ ኃይለመለኮት፣

ከጽሕፈት ቤት ስትመለስ እኔም የፊታውራሪ መኪናም የለንም። እሳቸው ፈቅደውልኝ እናትህን ላመጣ ሾኔ ሄጃለሁ።

አሮጌው ካርቡራቶር ለስድስቱ ሲሊንደር ቤንዚን አላደርስ ስላለ ዛሬ ጠዋት አዲሱን ትልቁን ገጠምኩት። ሞተሩ አልነሣም ሲለኝ ፈትቼ ሳየው፣ ቤንዚን የሚያልፍባት ቀጭን ቀዳዳ በቅቤ ተደፍናለች። ዝገት እንዳይበላው ብለህ መሆኑ ገብቶኛል። ጠመንጃህንም ጸጉርህንም የምትይዘው እንደዚያው ነው። ካርቡራቶር ግን ቅቤ አይወድም፣ ወንድሜ።

በቤንዚን ስላጠብኩት ቤቱ ይሸታል። መስኮቱን ሳትከፍት እሳት እንዳትጭር።

አሮጌው ከአልጋህ ሥር አለ። እሱን የፈለግኸውን ያህል ቀባው።

ባለፈው ሞተሩ እየሳለ ዳገቱ ላይ ሲቆም፣ እናትህ እማማ ወለተ ማርያም ወርደው በእግራቸው ወጡ። ቀድመውን ደርሰው ዛፍ ጥላ ሥር ቁጭ ብለው ጠበቁን። አንተም እስከ ዛሬ ትስቅብኛለህ።
ዛሬ ተቀምጠው ይወጣሉ።

አንድ ነገር ቀርቷል።
አየር እንዳያስገባ በካርቡራቶሩና በሞተሩ መካከል ቆዳ ይገባል። ቤቱን ሁሉ በረበርኩት። ወፍራም ቆዳ ያገኘሁት የዳዊትህን ማኅደር ብቻ ስለሆነ እሱን ቆርጬ አስገባሁት። ዳዊቱን በአዲሱ ነጠላዬ ጠቅልዬ ከራስጌህ ሰቅዬዋለሁ። ነጠላውን አትመልስልኝ።

ማኅደሩን ያሰፉልህ እናትህ መሆናቸውን አልረሳሁም። የት ሄደ ካሉህ፣ ዳገቱን ያወጣዎት እሱ ነው በላቸው።
እኔ መንገድ ላይ ትንፍሽ አልልም።

ቸኮል