የአባባ የፊት ጥርሶች

አባባዬ፣

አፈር አልብሰን ከሸኘንህ ሁለተኛው ፋሲካ አለፈ። እማማ ደህና ናት፤ ጉልበቷ ብቻ ያስቸግራታል። ጓሮ የተከልከው ሎሚ አፈራ። ዕድሜህን የሠራህበት ባቡርም እንደምታውቀው ነው፣ አሁንም ያረፍዳል። እኔ ግን ዛሬ የምጽፍልህ ተናድጄ ነው፤ ኮርቼም ነው።

ቀበሌ ታስረህ ስትመለስ ሁለቱ የፊት ጥርሶችህ አልነበሩም። የጓደኛህን ስም አልናገርም ስላልክ ነው ያወለቁብህ። የቀበሌው ሊቀመንበር «ከባቡር ፉርጎ ወድቄ ነው ብለህ በስብሰባ ተናገርና ሰው ሠራሽ ጥርስ አስተክልልሃለሁ» አለህ። አንተ ደግሞ በመሐረብ ጠቅልለህ ያመጣሃቸውን ጥርሶች፣ ጥርሱ እንደወለቀ ሕፃን፣ ጣሪያው ላይ ወርውረህ አዲስ ለመንክ። ቆርቆሮው ሲንኳኳ ሰፈሩ ወጣ። እማማ መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች! አንተ ግን እስክታልፍ ድረስ አፍህን ሳትሸፍን ሳቅክ። እንዴት እንደምወድህ!

አሁን ሆስፒታል፣ ጥርስ ክፍል ውስጥ መርፌና መንቀያ እቀቅላለሁ። አንድ ኩባዊ ሐኪም አለን፣ አማርኛው ያስቃል። ጥርስ ድድ ውስጥ እንደ ዘር እንደሚጀምር፣ ውጭ አገር የዶሮና የአይጥ ሥጋ አጣምረው ጥርስ ለማብቀል እንደሚሞክሩ ነገረኝ። ጥርስ የሌላት ዶሮ፣ አባባ! ሳቅኩ፣ ከዚያ አለቀስኩ። የሰውም አንድ ቀን ይበቅላል አለኝ። ይህን ካልተማርኩ ብዬ ቆረጥኩ።

ለጥርስ ሕክምና ኮርስ ለመግባት የቀበሌ ድጋፍ ያስፈልጋል። እሑድ ስብሰባ ላይ ያው ሊቀመንበር አስነሥቶኝ፣ አባትሽ ጥርሱን እንዴት እንዳጣ ለሕዝቡ ንገሪ አለኝ። የሚፈልገው ገባኝ፤ ከፉርጎ ወድቆ ነው ብል ትምህርቱ የኔ ነበር። እማማ ቀሚሴን ጎተተችኝ። እኔ ግን «እዚሁ ከአዳራሹ ጀርባ ባለው ክፍል በዱላ አወለቃችሁበት፣ እኔም የምማረው እናንተ የሰበራችሁትን ለማብቀል ነው» አልኳቸው።

ድጋፉን ከለከሉኝ። ይከልክሉ! ሐኪሙ ከሥራ በኋላ እያስቀረ ያስተምረኛል፤ እማማም ኩርፊያዋን ትታ ራቴን ታቆይልኛለች። ጥርስ ማብቀሉ በእኔ ዕድሜ ባይሆን ለልጆቼ ይደርሳል። እስከዚያው እዚያ ጥርስ ክፍል ወንበር ላይ የተቀመጠ ሁሉ ያንተን ጥርስ ማን እንዳወለቀው ከእኔ ይሰማል። ሊቀመንበሩም ጥርሱን ባመመው ቀን ይመጣል፤ አፉን ከፍቶ ስለሚቆይ ሊያቋርጠኝ አይችልም።

ልጅህ ሰናይት