አጋሙ የተቆረጠ ዕለት

ሐሙስ፣ ግንቦት 9

ለምወድህ አባዬ፣

ትናንት ጠዋት የደኑ ማኅበር ሊቀ መንበር ስልኩን ዘርግቶ «አባትሽ ናቸው፤ እሳቸው ፈቅደዋል» ሲለኝ፣ ከጀርባው የመጨረሻው አጋም ተቆርጦ ወደቀ። ስልኩን አልተቀበልኩትም። በዚያ ሰዓት ድምፅህን ብሰማ አለቅስ ነበር፤ እሱ ፊት ደግሞ አላለቅስም።

ጉልበትህ እንዴት ነው? ወንድሜ እየተሻለህ ነው ብሎኛል። የእሱን ቤት ደረጃ በዝግታ ውረድ፤ ችኮላህን አውቀዋለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቅዳሜ እንግዶች ስለሚመጡ ደኑ ውስጥ የምንከባከበው ቦታ ይጽዳ ተባለ። ሁለት ዓመት ሙሉ ለወፎቹ ብዬ ያሳደግኩት አጋምና ቀጋ፣ ዘሩን እንዲለቅሙት ሳላጭድ የተውኩት ሣር፣ ለእነሱ ቆሻሻ ነው። በምትኩ ከሩቅ አገር የመጣ ቀይ አበባ ተከሉ፤ አንዲት ንብ እንኳ ዞር ብላ አላየችውም።

«የተማርኩት ይህንኑ የደን ሥራ ነው፤ ለምን እኔን አልጠየቃችሁም?» አልኩት ሊቀ መንበሩን።

«አንቺማ እምቢ ትያለሽ» አለኝ እየሳቀ። «ከአጋም የተጠጋ ማልቀሱ አይቀርም ሲባል አልሰማሽም? አባትሽ ግን ‹ልጄ ናት፣ እሺ ትላለች› ብለውናል።»

ብለሃል፣ አባዬ?

አጋሙን በቆረጠው አትክልተኛ አልፈርድበትም፤ የታዘዘውን ነው የሠራው። አጋሙ ውስጥ የወፍ ጎጆ ሲያይ ገጀራውን ጥሎ ጠራኝ። የዋኖስ ጫጩቶች ሁለት ነበሩ፤ አንዷ ተርፋለች። ጎጆውን አጥሩ ጥግ በቀረችው ቀጋ ላይ በገመድ አሰርነው። «እናትየው እንግዲህ አትመለስም» አለኝ። ከሰዓት በኋላ ተመለሰች። ያየኋት በአንተው የርቀት መነጽር ነው፤ ስድስት ዓመቴ ላይ አንገቴ ላይ አንጠልጥለህ «ዝም ብለሽ እዪ» ባልከኝ በዚያው።

አይቻለሁ። ዝም ማለቱ ግን ይብቃኝ።

ዛሬ ማለዳ ቀዩን አበባ ነቅዬ ሊቀ መንበሩ ቢሮ በር ላይ ደረደርኩት፤ ለእንግዶቹ እዚያ ያምራል። ከጓሮዬ አርባ የአጋም ችግኝ ወስጄ በጉቶዎቹ መካከል ተከልኩ። ማንንም አላስፈቀድኩም።

እግዜር ጉልበትህን ያጽናልህ፤ የአጋሙ ፍሬ ሲጠቁር በእግርህ መጥተህ ለማየት ያብቃህ። የምትቀመጥበትን ድንጋይ ችግኞቹ ሲያድጉ ጥላቸው በሚያርፍበት አስቀምጬልሃለሁ። እወድሃለሁ። ነገር ግን እኔ እዚህ ቆሜ ሳለሁ ስለ እጄ ሥራ እነሱ አንተን መጠየቃቸውን፣ አንተም በእኔ ፈንታ «እሺ» ማለትህን ከእንግዲህ አልቀበልም።

እሾኬ የምትላት ልጅህ