የመርከቧ ባንዲራ

ረቡዕ፣ ኅዳር 24 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ መካነ ሰላም

ዛሬ እሸቱ የጠገናት መርከብ ተመረቀች። ድሮ አንድ የውጭ አገር መምህር ለትምህርት ቤታችን ትቶልን የሄደው የጥንት የጦር መርከብ አምሳያ ናት፤ ባለ ሦስት ምሰሶ፣ መድፎቿ እንደ ክብሪት እንጨት የቀጠኑ። አሥራ አንድ ዓመት አቧራዋን የጠረግሁት እኔ የታሪክ መምህሩ ነኝ። ጥገናውን ግን ርዕሰ መምህሩ አምና ከአቀስታ ለመጣው የሥዕል መምህር ሰጡት።

የባሰኝ ደግሞ ማማሩ ነው። አባቱ የቤተ ክርስቲያን መጻሕፍት ይጠርዙ ስለነበር የተበጣጠሰውን ገመድ ሁሉ ሰም በተቀባ ፈትል ተካው። ሸራዎቹን ከስስ ብራና ቆርጦ፣ ነፋስ እንደሞላቸው አድርጎ ወደ ፊት ወጠራቸው። ሁሉም «እጅህ ይባረክ!» ሲለው የኔ እጅ ለማጨብጨብ ከበደኝ።

«ጋሼ፣ እንከን ካለባት ይንገሩኝ» አለኝ።

«አብሽር፣ ምን እንከን አላት!» አልሁት። ሆዴ ግን እንከን ሲፈልግ ዋለ።

ወደ ቤት ስመለስ ገበሬዎች የተወቃ ስንዴ በመንሽ ወደ ላይ ሲበትኑ ቆሜ አየሁ። ገለባው ሁሉ ነፋሱ ወደሚሄድበት ይሄዳል። ያኔ በራልኝ። የመርከቧ ሸራ ወደ ፊት ተወጥሮ፣ የቆርቆሮ ባንዲራዋ እንደ መኪና ባንዲራ ወደ ኋላ ትውለበለባለች! አንድ ነፋስ ሁለት መንገድ አይሄድም። ነገ በመምህራን ፊት የምናገረውን እየመረጥሁ፣ ደስ ብሎኝ ቤቴ ገባሁ።

ጫማዬን ሳወልቅ ትዝ አለኝ። ካቻምና ባንዲራዋ ስትወድቅ በሙጫ መልሼ የለጠፍኋት እኔው ነኝ። እሸቱ ሲጠግን እሷን ብቻ «የጋሼ ሥራ ናት» ብሎ ሳይነካት ትቷት ነበር።