ከሃያኛ ደረጃ በላይ ላሉት የወጣው ሕግ

ሰኔ 11 ቀን 2005 ዓ.ም.
መካነ ሰላም

ይድረስ ለክቡር ኃላፊያችን፣

ጉዳዩ፦ በጣም ከፍተኛ ደረጃ ላይ ላሉ ገጸ ባሕርያት የወጣው የጨዋታ ሕግ መሥራት አለመሥራቱን ስለማሳወቅ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ፣ ክረምቱ በገባበት በዚህ ብርድ ለጤናዎም፣ ለጉልበትዎም፣ ለወንበርዎም እንደምን ሰነበቱ እላለሁ። እኛ እንዳስቀመጡን አለን። ስምዎንና የጽሕፈት ቤትዎን ስም ያልጻፍኩት በድፍረት ማነስ አይደለም፤ በከተማችን በአንድ ቀን ሠላሳኛ ደረጃ ላይ የተቀመጠ ሰው ከእርስዎ በቀር ስለሌለ ደብዳቤው መንገድ አይስትም ብዬ ነው።

ባለፈው ኅዳር ለቅዳሜ የጨዋታ ቡድናችን «ከፍተኛ ደረጃ ላይ ላሉት የወጣው ሕግ ይሠራል ወይስ አይሠራም? ተጠንቶ ሪፖርት ይቅረብልኝ» ብለው ያዘዙትን አልዘነጋሁም። የቡድኑ ቃለ ጉባኤ ያዥ እኔ ስለሆንኩ ሪፖርቱ የእኔ ዕዳ ነበር። ለስድስት ወሩ መዘግየት ይቅርታዎን እየለመንኩ፣ ምክንያቱ ግን የመጨረሻው ማስረጃ የደረሰን ዘግይቶ መሆኑን አስቀድሜ አስታውቃለሁ።

ይህ ማንም ሊያነበው የሚችል ግልጽ ደብዳቤ ስለሆነ፣ በቅዳሜ ከሰዓታችን ያልነበረ ሰውም እንዲረዳው ጨዋታውን ባጭሩ ልግለጽ። የሒሳብ መምህሩ አቶ አጥናፉ ዩኒቨርሲቲ ሳለ ፎቶ ኮፒ ያስነሣውን የሕግ መጽሐፍ በሁለት ደብተር በእጁ ወደ አማርኛ መልሶ አመጣልን። ጥቂት ሰዎች ጠረጴዛ ከበው ይቀመጣሉ። አንዱ አጫዋች ሆኖ አገሩን፣ መንገዱንና አደጋውን ይተርካል፤ የቀሩት አንድ አንድ ገጸ ባሕርይ ይዘው «እኔ ይህን አደርጋለሁ» ይላሉ። የተሞከረው ነገር መሳካት አለመሳካቱን ዕጣ ይወስናል። መጽሐፉ የሚጠይቀው ባለ ሃያ ገጽ የዕጣ ጠጠር በእኛ ገበያ ስለማይገኝ፣ በሃያ የለስላሳ ቆርኪ ላይ ከአንድ እስከ ሃያ ቁጥር ጽፈን ከበርበሬ ከረጢት እናወጣለን። በወጣው ቁጥር ላይ የገጸ ባሕርይው ደረጃ ይደመራል፤ ድምሩ አጫዋቹ ካስቀመጠው ቁጥር ከደረሰ ተሳካ፣ ካልደረሰ ወደቀ ማለት ነው። ሁሉም ከአንደኛ ደረጃ ጀምሮ እየወደቀ እየተነሣ ያድጋል።

ከመካከላችን ፈውዚያ አብዱሰላም የምትባል የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበረች። አሥረኛ ክፍል በጥሩ ውጤት ጨርሳ ለጤና ኤክስቴንሽን ሥልጠና ደሴ ወንበር አግኝታ ነበር፤ የጎደላት ከእርስዎ ጽሕፈት ቤት የሚጻፍ አንድ የድጋፍ ደብዳቤ ብቻ ነው። በጨዋታውም የያዘችው መድኃኒት ቀማሚ ነበር። በአንድ ዓመት ውስጥ አራተኛ ደረጃ ደረሰች፤ ከዚያ ውስጥ የሚበዛውን ጊዜ ያሳለፈችው ሦስተኛ ላይ ነው።

እርስዎ በጥቅምት ለሱፐርቪዥን መጥተው ወንበር ስበው ሲቀመጡ ደስታችን ወሰን አልነበረውም። ከአንደኛ ደረጃ ይጀምሩ ስንልዎ ግን «ከታች መጀመር ለኃላፊነቴ አይመጥንም» ብለው በሠላሳኛ ደረጃ ላይ የሚገኝ የማማ ጌታ ሆኑ። ዋናው መጽሐፍ የሚያበቃው ሃያኛ ላይ ነበር። ከዚያ በላይ ላሉት የወጣች አሥራ አራት ገጽ ተጨማሪ ብትኖርም፣ አቶ አጥናፉ ተርጉሟት እንጂ ሞክሯት አያውቅም ነበር። ለጥናቱ ራስዎን ስላቀረቡልን እናመሰግናለን። ግኝቱ የሚከተለው ነው።

1ኛ. ዕጣው። በመጽሐፉ ውስጥ የመጨረሻው አስቸጋሪ ነገር የሚጠይቀው ሠላሳ ነው። እርስዎ ትንሿን ቆርኪ ቢያወጡ እንኳ ድምርዎ ሠላሳ አንድ ይሆናል። ፈውዚያ ትልቁን ብታወጣ ሃያ አራት ላይ ትቆማለች። አንድ ሕግ፣ አንድ ከረጢት፤ ለአንዱ መውደቅ የለም፣ ለሌላዋ ማለፍ የለም። በአራት ቅዳሜ አርባ ስድስት ጊዜ እጅዎን ሰደው አርባ ስድስቱም ተሳካልዎ። በአምስተኛው ከረጢቱን መንካት ሲተዉ ከተጫዋቾቻችን አንዱ ኸባብ «ጋሼ፣ ለወጉ እንኳ አንድ ያውጡ እንጂ፤ ቆርኪውም ይቀየማል» ማለቱን ትዝ ይልዎት ይሆናል።

2ኛ. አደጋው። ተጨማሪዋ ለዚህ የምታዘው መድኃኒት «ለከፍተኛው ሰው የሚመጥን አደጋ አምጡ» የሚል ነው። አቶ አጥናፉም እንደታዘዘው እሳት የሚተፋ ተራራ አመጣ። ተራራው እርስዎን አልነካም። ወደ እርስዎ ተወርውሮ በጋሻዎ የመለሱት ቋጥኝ ግን ከኋላ የቆመውን፣ ተጫዋቹ ቃለ ክርስቶስ የያዘውን ዲያቆን ገደለው። ቃለ ክርስቶስ ስድስት ወር ያሳደገውን ገጸ ባሕርይ ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተና «ነፍስ ይማር፤ ለእርስዎ የመጣ ድንጋይ ነበር» አለ። ከላይ ላለው እንዲመጥን ተብሎ የመጣ አደጋ የሚያርፈው ከታች ባለው ላይ መሆኑን በዚህ አረጋግጠናል።

3ኛ. ሰዓቱ። ሦስት አራት ዕጣ የሚያወጡበት የእርስዎ አንድ ተራ በአማካይ ሃምሳ ደቂቃ ፈጀ፤ የእኛ ሁለት ደቂቃ። በዚህ ላይ አስተያየት የለኝም፤ ስብሰባም ላይ ለምደነዋል።

እንግዲህ የተጻፈው ሕግ እንደማይሠራ በዚህ መጠን ከታየ በኋላ መፍትሔውን ያመጡት ራስዎ ነዎት፤ ይህም በክብር ሊመዘገብልዎት ይገባል። ታኅሣሥ 6 ቀን «ይህ ቡድን ግምገማ የለውም ወይ?» ብለው ጠየቁ። ከዚያም አንድ ዓረፍተ ነገር በቃልዎ አጻፉኝ፦ ከሃያኛ ደረጃ በላይ ያለ ገጸ ባሕርይ በየጊዜው ከታች ባሉት ይገመገማል፤ በድምፅ ብልጫም ከደረጃው ዝቅ ሊል ይችላል። ፊርማዎ ከሥሩ አለ፤ ቀለሙም አልደበዘዘም።

ከሃያኛ በላይ ያለ ሰው ከእርስዎ በቀር አለመኖሩን በዚያ ቀን እርስዎም እኛም አላነሣንም። ስህተታችን እዚህ ላይ ነው። በለመዱት ግምገማ የታችኛው የላይኛውን ጥንካሬ ይዘረዝራል፤ ድክመት ሲባልም «ሥራ ያበዛሉ፣ ለጤናቸው አይሳሱም» ብሎ ይቀመጣል። ይህን እኔ አውቀው ነበር፤ ለፈውዚያ አልነገርኳትም። እሷ ሕጉን እንደተጻፈው አነበበችው።

ታኅሣሥ 20 ቀን የመጀመሪያው ግምገማ ሲካሄድ ገጸ ባሕርዩ ካልሞተበት ሁሉ በደረጃ የምታንሰው እሷ ስለነበረች ቀድማ ተነሣች። ያለችው በቃለ ጉባኤው እንዲህ ሰፍሯል፦ «ጋሼ፣ አይቀየሙኝ። ከታች ያለው መንደር በተራራው እሳት ሲቃጠል እርስዎ ማማው ላይ ነበሩ። ውኃ ማምጣት ለእርስዎ ቆርኪ እንኳ አያስወጣም ነበር፤ አላመጡም። ክፉ ስለሆኑ አይደለም፣ ወላሂ። የሚጥልዎ ነገር ስለሌለ የወደቀውን አያዩትም።» አጫዋቹ ድምፅ ስለሌለው አምስታችን ድምፅ ሰጠን፤ አራት ለአንድ ወደ ሦስተኛ ደረጃ ወረዱ። ድምፁ ተቆጥሮ ሲነበብ የደነገጠችው እሷው ነበረች፤ «አብሽሩ ጋሼ፣ ሦስተኛ ላይም ይኖራል፤ እኔ ኖሬበታለሁ» ብላ አጽናናችዎ። እርስዎም ሳቁ፣ ፈረሙ፣ ለሁላችንም ለስላሳ ጋበዙ።

በዚያው ቀን ሪፖርቱን ብጽፍ ኖሮ «ሕጉ ይሠራል፤ ከፍተኛው ደረጃ የሚወርድበት በር እስካለው ድረስ ጨዋታው ይቀጥላል» ብዬ አሳስትዎ ነበር። አላህ አዘገየኝ።

4ኛ. ከጠረጴዛው ውጭ የተገኘው ማስረጃ። ሰኞ ታኅሣሥ 22 ቀን በጽሕፈት ቤትዎ ሥር ያለው የምንጫወትበት ክፍል ቁልፉ ተቀይሮ «ለእድሳት ተዘግቷል» የሚል ወረቀት ተለጠፈበት። ለእድሳቱ ከልብ እናመሰግናለን፤ እስከ ዛሬ ግን ከቁልፉ በቀር የታደሰ ነገር አላየንም።

የፈውዚያ የድጋፍ ደብዳቤም በዚያው ሳምንት ከጸሐፊዋ ጠረጴዛ ተነሥቶ ወደ እርስዎ ገባ። ልጅቷ አሥራ አንድ ጊዜ ተመላለሰች። ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው ተባለች፤ ደሴ ሄደዋል ተባለች፤ ፋይልሽ እሳቸው ጋ ነው፣ ነገ ነይ ተባለች። ለሐቅ ስል እመሰክራለሁ፤ ማንም ሰው «አይሰጥሽም» አላላትም፣ ማንም ክፉ ቃል አልተናገራትም። ጥር 24 ቀን ምዝገባው ሲዘጋ ከግቢዎ ስትወጣ አገኘኋት። አላለቀሰችም። «ጋሼ ደሳለው፣ ከረጢቱ እኮ አልቀረበልኝም፤ አውጥቼ ብወድቅ ይሻለኝ ነበር» አለችኝ።

በመጋቢት ሁለተኛ ሳምንት ከሁለት ልጆች ጋር ወደ ዐረብ አገር የሚያሻግር አንድ ደላላ ተከትላ ሄደች። አፋር፣ ሎግያ ላይ ሆና ለእናቷ ለእመት መድና ደውላ፣ ከዚያ ወዲያ በእግር እንደሆነ፣ ባሕሩ ሩቅ እንዳልሆነ ነገረቻት። ያ ስልክ ከተደወለ ሦስት ወር አለፈው። ሌላ ስልክ አልተደወለም። አብረዋት ከሄዱት ከአንዷ ቤት ባለፈው ሳምንት ለቅሶ ተቀምጠዋል፤ እመት መድና ለቅሶ ደርሳ ስትመለስ መንገድ ላይ አገኘችኝና ስለ ልጇ ምንም አልጠየቀችኝም፤ ስለ ደብዳቤው ጠየቀችኝ። «ወረቀቷ ከወጣ ትመለሳለች፤ ልጄ ለወረቀት እንጂ ለዐረብ አገር አልነበረችም» አለችኝ። ምዝገባው ከተዘጋ አራት ወር እንዳለፈው ሳልነግራት ቤቴ ገብቼ ይህን ደብዳቤ መጻፍ ጀመርኩ።

ስለዚህ ክቡር ሆይ፣ ላዘዙት ጥያቄ መልሱ ይህ ነው። በጣም ከፍተኛ ደረጃ ላይ ላሉት የወጣው ሕግ በጨዋታው ውስጥ ሊሠራ ይችላል፤ አንድ ቅዳሜ ሲሠራ በዓይናችን አይተናል። ለመሥራት የሚፈልገው ግን፣ ከላይ ያለው ሰው ከወንበሩ ሲነሣም ያው ዝቅ ያለው ሰው ሆኖ እንዲወጣ ነው። ያን የሚያስገድድ ገጽ በአሥራ አራቱ ውስጥ ፈልገን አላገኘንም።

የምለምንዎ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የድጋፍ ደብዳቤውን ይፈርሙት። ለምዝገባ አይደለም፣ ያ አልፏል። እናቷ ሳጥኗ ውስጥ እንድታኖረው ነው። የልጅቷ የገጸ ባሕርይ ወረቀት እኔ ጋ አለ፤ መድኃኒት ቀማሚ፣ አራተኛ ደረጃ ይላል። በሕጋችን ዕጣ ያልወጣለት ሰው ሞተ ተብሎ አይሰረዝምና አልሰረዝኳትም።

ጊዜዎን በእኛ ትንንሽ ጉዳይ ስለተሻማሁ እጅግ እያፈርኩ፣ ቁልፉ በእጅዎ፣ ፋይሉ በመሳቢያዎ፣ ጤናው በቤትዎ ይክረም እያልኩ፣ ከሚገባኝ ደረጃ ሳላልፍ እጅ ነሥቼ እሰናበታለሁ።

የቡድኑ ቃለ ጉባኤ ያዥ
ደሳለው አስፋው

ግልባጭ፦
ለእመት መድና (ማንበብ ስለማትችል ድምፄን ከፍ አድርጌ አነብላታለሁ)
ለአቶ አጥናፉ

ድኅረ ጽሑፍ፦ በፈረሙት ቃለ ጉባኤ መሠረት እርስዎ ዛሬም ሦስተኛ ደረጃ ላይ ስለሆኑ፣ ምናልባት ዕጣ ያስፈልግዎ እንደሆነ ብዬ ከረጢቱን ከሃያ ቆርኪው ጋር ከዚህ ደብዳቤ አያይዤ ልልክልዎ ነበር። የድጋፍ ደብዳቤ ለመፈረም ስንት ቁጥር እንደሚጠይቅ አቶ አጥናፉን ብጠይቀው ግን ሁለቱንም ደብተር አገላብጦ «ለዚህ ዕጣ አይወጣም፤ እጅ ያለው ሁሉ ይችላል» ስላለኝ ከረጢቱን አስቀርቼዋለሁ።